ፊርማዬን መልሱልኝ

ሱሉልታ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተረፈች፤

ሰላምታ ለመጻፍ እንኳ እጄ ፈራ። ከማን ቤት የመጣ ሰላምታ ነው ብለው እንደሚጥሉት አውቃለሁ። ስሜ አሰጋሽ ይባላል። የሯጩ የዮሐንስ፣ ሰው ሁሉ ጆኒ የሚለው፣ እናቱ ነኝ። ወረቀቱን ቢቀዱት አልቀየምም። ግን እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝና ያኔ ይቅደዱት።

ኦቦ ሐሰን «ምን ልትያት ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እሳቸው ሰበታ የእርስዎ ጎረቤት፣ ልጃቸው ደግሞ እዚህ የእኔ ጎረቤት መሆኗን ሳውቅ ነው ደብዳቤ እንዲያደርሱልኝ የለመንኳቸው። «ምንም አልጠይቃትም፤ ልቅሶ ልደርስ ነው» አልኳቸው። ዘጠኝ ወር ዘግይቼ። በእኛ በኩል የጉማ እርቅ ሳይፈጸም የገዳይ ቤተሰብ የሟችን ደጃፍ አይረግጥም። ሽማግሌዎቹም «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ» ብለውኛል። እግሬ ካልተፈቀደለት እጄ ይምጣ ብዬ ነው።

ልጅዎን ዕድላዊትን በሕይወት አላየኋትም። ፎቶዋን ያየሁት ፍርድ ቤት ነው፤ እርስዎ ደረትዎ ላይ አቅፈውት። እኔ ከኋላ ነጠላዬን ተከናንቤ ተቀምጬ ነበር። ዳኛው «ስድስት ዓመት» ሲሉ ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እርስዎ ብቻ አላዩኝም።

ልጄ አጥፍቷል። በሰው ሠርግ ላይ ሽጉጥ ይዞ መሄድ ምን የሚሉት ነው? ለደስታ ነው ብሎ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ተኮሰ፤ ሦስተኛዋ ልጅዎን አገኘቻት። «ሰው ገፍቶኝ ነው» ይላል። ቢገፋውስ? ሽጉጡን ማን አስያዘው? ሰበብ አልደረድርልዎትም።

መልስ አልጠብቅም። እግዚአብሔር ያጽናዎት ማለት ከእኔ አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚሰማ አላውቅም፤ ግን ሌላ ቃል የለኝም።

አሰጋሽ


ሰበታ፣ ኅዳር 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወይዘሮ አሰጋሽ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አልቀደድኩትም። ለምን እንዳልቀደድኩት እኔም አላወቅሁም።

በኦቦ ሐሰን በኩል «ልደውልላት?» ብለው ላስጠየቁት፣ አይሆንም። ድምፅዎን መስማት አልችልም። ወረቀት ይሻላል፤ ሲበቃኝ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ከደብዳቤው ጋር የላኩትን በግም መልሰው እንዲወስዱት ነግሬያቸዋለሁ። ሁለተኛ እንዳይልኩ።

ልጅዎን እኛ ቤት እንዴት እንደምናውቀው ልንገርዎት። ባለቤቴ ወርቁ ግንበኛ ነው፤ ኳስ አይወድ፣ ፊልም አይወድ፣ ጆኒ ሲሮጥ ግን ሥራ ትቶ ይመጣ ነበር። ከካላንደር ላይ የተቆረጠ ፎቶው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ነበር። ዕድላዊት ደግሞ የመጨረሻው ዙር ሲደወል ትራስ ትነክስ ነበር። ሲያሸንፍ ሦስታችንም አልቅሰናል። ያኔ የእርስዎን ደስታ ተካፍለናል ማለት ነው።

የሙሽራዋን ፀጉር የሠራችው ዕድላዊት ናት። ሙሽራዋ፣ ልጄ ዓለም ገና ከተማ በምትሠራበት ፀጉር ቤት ደንበኛዋ ነበረች። ቡራዩ ድረስ ሄዳ ሠርታት፣ እስከ አራት ሰዓት ጨርሳ መመለስ ትችል ነበር። ደወለችልኝ። «እማ፣ ጆኒ እኮ ተጋብዟል! አይቼው ልምጣ» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥይት ይስታል፤ ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ መኪናው ነው። የሌላው ሰው መኪና ሁሉ ግቢ ውስጥ ተጠጋግቶ ቆሞ ነበር። ወዲያው መውጣት የሚችለው በር ላይ የቆመው የልጅዎ መኪና ብቻ ነበር። እሱን ይዞ ሄደ። ልጄን ባጃጅ ላይ ጫኗት። አስኮ ሳትደርስ ባጃጁ ውስጥ አለፈች። ሐኪሙ «ሩብ ሰዓት ቀደም ብትሉ ኖሮ» አለ።

እናቱ ነዎት፤ ያውቃሉ። ያ መኪና ወዴት ሄደ?

ተረፈች


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተረፈች፤

መኪናው ወደ እኔ ነው የመጣው።

መልሱ ይህ ነው፤ ለመጻፍ ግን አንድ ወር ፈጀብኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጓሮ ጎመን እየቆረጥኩ ነበር። ጆኒ ገባና ኩሽናው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ያ ሁሉ አገር የሚያውቀው ልጅ እንደ ሕፃን ይንቀጠቀጣል። «እማዬ፣ አንዲት ልጅ ሳትመታ አልቀረችም» አለኝ። እኔ ምን ያልኩት ይመስልዎታል? «ተረፈች ወይ?» አላልኩም። «ማን አየህ?» ነው ያልኩት። ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም።

መኪናውን ይነዳ የነበረው ሾፌሩ ሞቲ ነው። በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል። «አዮ፣ እንጫናት ብዬው ነበር፤ ደሟን እያየሁ እንጫናት ስለው ንዳ አለኝ» ይለኛል። አዮ የሚለው እኔን ነው። እናቱ ከሞተችበት ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ እኔ ቤት ነው ያደገው። ከጆኒ ጋር ባንድ ሳህን በልተዋል፤ ባንድ ፍራሽ ተኝተዋል። አንዱ ሮጦ ሰው ሆነ፤ ሌላው የእሱን መኪና ነዳ።

ሩብ ሰዓቷን ልጄ ወሰዳት። ይህን በእጄ ጻፍኩት። ሌላም የምነግርዎት አለ፤ ዛሬ ግን አቃተኝ፤ እዚህ ላይ ላቁም።

ካላስቸገርኩዎት፣ ስለ ዕድላዊት ይጻፉልኝ። ምን ዓይነት ልጅ ነበረች? ማንም አይነግረኝም። እኛ ሰፈር ስሟን የሚያነሳ ሰው የለም፤ «ያ አደጋ» ነው የሚሉት።

አሰጋሽ


ሰበታ፣ ጥር 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወይዘሮ አሰጋሽ፤

ሙት ዓመቷን አውጥተን እንግዳው ሲበተን ነው የምጽፍልዎት።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ምን አገባት ብዬ። ከዚያ ግን ዛሬ ቤቱ ሙሉ ሰው መጥቶ ምን ዓይነት ልጅ ነበረች ብሎ የጠየቀኝ እንደሌለ አስተዋልኩ። ስለዚህ ይኸው።

እኔ እዚህ ሰበታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የተረፈ ክር አመጣላት ነበር። በር እጀታ ላይ አስራ ሹሩባ ትለማመድበታለች። ስድስት ሰባት ዓመቷ ነበር። የቤታችን እጀታ ሁሉ ሹሩባ ነበረው። ወርቁ በር ሊከፍት ሲል «ቆይ አባ፣ ገና አልጨረስኳትም!» ትለው ነበር። እንጀራ በልታ በመጥገብ የማትታማ፣ ሎሚ በጨው የምትልስ፣ ስትዘፍን ጆሮ የምታሳምም፣ ከሰው የምትጣላው በፀጉር ብቻ የሆነች። «ይሄን ፀጉር ማን አበላሸው?» ብላ ታክሲ ውስጥ የማታውቃትን ሴት ታስቆጣለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ነገር። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌዎች መጥተው ነበር፤ ሰባት ሰዎች። ከልጅዎ ክለብ ደግሞ ባርናባስ የሚባል ሱፍ የለበሰ ሰው። የይቅርታ ማመልከቻ አዘጋጅተዋል። የሟች ቤተሰብ መታረቁን የሚገልጽ ፊርማ ካልተያያዘበት የይቅርታ ቦርዱ ዘንድ ክብደት አይኖረውም አሉ።

«አገር ትፈልገዋለች፣ እናቴ» አለኝ ባርናባስ። «ስንት ወጣት ነው እሱን አይቶ የሚሮጠው?»

«ልጄንስ አገር አትፈልጋትም ነበር?» አልኩት።

«እሱማ... እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር። ግን እሷን መመለስ አይቻልም። እሱን መመለስ ይቻላል።»

እውነቱን ነው። ከሄዱ በኋላ ነው መልሱ የመጣልኝ። ፀጉር ሠሪ ጥይት ተኩሳ ሯጭ ብትገድል ኖሮ፣ ሰባት ሽማግሌ ማን ቤት ይሄድ ነበር? ይቅርታ አይሰጥ አላልኩም። ሮጦ ስም ላላተረፈ ሰው ግን ለምንድን ነው መንገዱ የሚረዝመው?

ወርቁ ተነስቶ ወጣ።

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጆኒ ስም ብቻ ነው ያለው። ሞቲስ? ችሎት ላይ ተነስቶ «የተኮስኩት እኔ አይደለሁም፤ መጀመሪያ የሰጠሁት ቃል ውሸት ነው» ያለው እሱ ነው። ያን ባይል ኖሮ ልጅዎ ነፃ ወጥቶ፣ እኔም የልጄን ገዳይ ሳላውቅ እሞት ነበር። ሽጉጡን በመቅበሩና በሐሰት ቃሉ አራት ዓመት ተፈርዶበታል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከመጀመሪያው ለምን «እኔ ነኝ» አለ? ማን አስባለው?

ተረፈች


ሱሉልታ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

እኔ ነኝ ያስባልኩት።

ይቅር ይበሉኝ አልልም። ዝም ብለው ያንብቡት።

ያን ቀን ኩሽናው ውስጥ ጆኒ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ሞቲን ወደ ጓሮ ወሰድኩት። እጁን ያዝኩት። «ልጄ፣ አንተ ሾፌር ነህ፤ ማንም አያውቅህም። ቢፈረድብህም ጥቂት ነው፤ እኛ እናስወጣሃለን። እሱ ከታሰረ ግን አለቀለት፤ ሁላችንም አለቀልን» አልኩት። «አዮ፣ አንቺ ካልሽ እሺ» አለኝ። ሽጉጡን ከጎመኑ ሥር እንዲቀብር ያሳየሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ።

ለፖሊስ ሲናገርም ለዳኛው ሲናገርም ስሜን አላነሳም። ቃሉን የለወጠ ዕለት እንኳ «ማን አስዋሸህ?» ሲሉት «በራሴ ነው» አለ። በኋላ ልጠይቀው ስሄድ «ለምን ሐሳብህን ቀየርክ?» አልኩት። «የልጅቷን እናት አየኋት፣ አዮ። ፎቶዋን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ አቃተኝ» አለኝ። ጆኒና ጓደኞቹ ከዚያ ወዲህ ከሃዲ ይሉታል። ስሙ ቤታችን ውስጥ አይነሳም።

ይህን የምናውቀው እርስዎና እኔ፣ ሞቲና ጆኒ ነን። ለሕግ ሰዎች ቢያሳዩት እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ።

ስለ ፊርማው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? እናት ነኝ፤ ልጄ ቢወጣ እወዳለሁ። ሌሊት ሌሊት ቢፈርሙልኝ እያልኩ እጸልያለሁ። ሲነጋ ደግሞ በጸሎቴ አፍራለሁ። እንዲፈርሙልኝ አልለምንዎትም። የመለመን መብቴን ጓሮዬ ውስጥ ከሽጉጡ ጋር ቀብሬዋለሁ።

አሰጋሽ


ሰበታ፣ መጋቢት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

አሰጋሽ፤

ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እልሻለሁ። ይህን ያህል ክፋቷን የነገረችኝን ሴት እርስዎ ማለት አልሆንልኝ አለ።

ዝም ያልኩሽ ልቀጣሽ ብዬ አይደለም። ደብዳቤሽን ይዤ ፖሊስ ጣቢያው በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ተመለስኩ። እኔስ ብሆን ልጄ ኩሽና ገብታ እንደዚያ ብትንቀጠቀጥ ኖሮ? ይህን መልስ ስለማላውቀው ነው የተመለስኩት።

ፈርሜያለሁ። ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ።

ለጆኒ ብዬ አይደለም፤ ለአገርም ብዬ አይደለም። ባርናባስን «የሞቲ ስም አብሮ ካልገባ እጄን አላነሳም» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። «እሱ እኮ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እናቴ» አለ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ያኔ ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ባርናባስ «እሺ፤ የሞቲ ማመልከቻ ለብቻው ነው የሚጻፈው፤ ራሴ አዘጋጅቼ አብሬ አስገባዋለሁ» አለኝ። አብረው የተቀመጡት ኦቦ ሐሰን «በሰባት ሰው ፊት ቃል ገብተሃል» አሉት። «ገብቻለሁ» አለ።

ያሳዘነኝ አፈራረሜ ነው። እንደ ፋብሪካው የመግቢያ ወረቀት ቶሎ ፈርሜ ገፋሁት።

ወርቁ እየፈረምኩ ሳለ መጣ። አየኝ። «አንቺ ልጃችንን ሸጥሻት» አለኝ። ስለ ሞቲ ልነግረው ሞከርኩ፤ አልሰማኝም። ልብሱን በፌስታል ይዞ ተጂ ከተማ ወንድሙ ጋ ሄደ። ይኸው አሥር ቀኑ፤ ስልክ አያነሳም። ሠላሳ ዓመት አብረን ኖረናል።

ያንቺ ልጅ ይወጣልሻል። ሞቲም ይወጣል። ሲወጣ ንገሪው፤ አልጠላሁትም በይው።

ተረፈች


ሰበታ፣ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወይዘሮ አሰጋሽ፤

በሬዲዮ ሰማሁ። ይቅርታ የተደረገላቸውን ሰዎች ስም ሲያነቡ ሬዲዮኑን ታቅፌ ነበር። የልጅዎ ስም ተጠራ። እስከ መጨረሻው ጠበቅሁ። ሞቲ አልተጠራም።

ኦቦ ሐሰን ሄደው ጠየቁ። የሞቲ ማመልከቻ ውድቅ አልሆነም። መጀመሪያውኑ አልገባም። ማንም አልጻፈለትም።

በቴሌቪዥን አበባ ሲያስታቅፉት አየሁ። እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ክለቡን፣ ደጋፊዎቹን፣ አገሩን አመሰገነ። የልጄን ስም አላነሳም።

ፊርማዬን መልሱልኝ። ለባርናባስ ይንገሩት፣ ለልጅዎ ይንገሩት፤ ፊርማዬን መልሱልኝ።

ተረፈች


ሱሉልታ፣ ሰኔ 7 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተረፈች፤

ሊያነቡኝ ቢፈልጉም ባይፈልጉም፣ ያደረግሁትን ልንገርዎት።

ጆኒ የመጣ ዕለት ግቢው በሰው ተሞላ። መንገዱ ላይ ሣር ጎዝጉዘው፣ ሙዚቃ ከፍተው። ልጄን አቀፍኩት። አልዋሽም፤ ሳቅፈው ደስ አለኝ። ከሲታ ሆኗል። ከዚያ ጆሮው ላይ «ሞቲስ?» አልኩት። እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሳና «እማዬ፣ ዛሬ አይሆንም» አለኝ። በሳምንቱም ጠየቅሁት። ባርናባስ ነው አልጻፍም ያለው፤ ጆኒ ግን ያውቅ ነበር። «እኔን ያሳሰረኝን ሰው ላስፈታ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ነጠላዬን ለበስኩና ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። መዝገቡን ይዞ ለነበረው መርማሪ ሁሉንም ነገርኩት፤ ኩሽናውን፣ ጎመኑን፣ ለሞቲ ያልኩትን። «እሰሩኝ» አልኩት። ሰውየው ደንግጦ በሩን ዘጋ። ሻይ አስመጣልኝ። «እማማ፣ ይህ ነገር እኮ አልቋል፤ ፋይሉ ተዘግቷል። እርስዎን አስሬ በጆኒ እናት ላይ እንዲህ አደረገ ልባል?» አለኝ። «ሞቲስ?» ስለው፣ «እሱ ተፈርዶበታል» አለ። ሲሸኘኝ እስከ በር ወጣ። «ውድድሩ መቼ ነው? ሰላም በሉልኝ» አለኝ።

ሳልጠይቃቸው እኔንም ይቅር አሉኝ። ስሙ የገነነ ልጅ ስለወለድኩ ብቻ። ሞቲ እናት ስለሌለው እዚያው ነው።

ይቅርታ ጥሩ ነገር ይመስለኝ ነበር። እንደዚህ ሆኖ ሲሰጠኝ ግን ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ።

ፊርማውን ጠይቄያለሁ። መዝገብ ቤት ከገባ አይመለስም አሉኝ።

አሰጋሽ


ሰበታ፣ ሐምሌ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወይዘሮ አሰጋሽ፤

ይቅር እንዳልኩዎት ጠብቀው ከሆነ፣ አላልኩም። በከንቱ እንዳይጠብቁ ነው የምነግርዎት።

ግን ለሞቲ ማመልከቻ እየጻፍን ነው፤ እኔና ኦቦ ሐሰን። ለዘመን መለወጫ ለሚወጣው ዝርዝር ይደርሳል ብለውናል። እኔ የሟች እናት መታረቄን ጻፍኩ፤ ይህኛውን ቀስ ብዬ ነው የፈረምኩት። የጎደለው የእርስዎ ቃል ነው። ሞቲ በማን ልመና እንደዋሸ፣ ያን ቀን «እንጫናት» ብሎ እንደለመነ፣ ማን «ንዳ» እንዳለው፣ በራስዎ እጅ፣ በሙሉ ስምዎ። የልጅዎን ስም ጭምር። መርማሪው አልሰማም ቢል ወረቀት ላይ ሲሰፍር ቢያንስ አንድ ሰው ያነበዋል።

ምን እንደምጠይቅዎት አውቃለሁ። ልጅዎን ሊያጡ ይችላሉ።

ተረፈች


ሱሉልታ፣ ሐምሌ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ተረፈች፤

ከዚህ ጋር ሦስት ገጽ አለ። በየገጹ ፈርሜበታለሁ።

ጆኒ ሰምቶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሳይቀመጥ፣ «ይሄ ወረቀት ከወጣ ውድድር የለም፤ ስሜ የለም። እናቴ ነሽ ወይስ የእነሱ?» አለኝ። «ያንተ ነኝ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው» አልኩት። ያልገባው መሰለኝ። እኔም ላስረዳው አልቻልኩም። የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ኦቦ ሐሰን ወረቀቱን ሲቀበሉኝ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። የማለቅስበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሰጋሽ


ሰበታ፣ መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሰጋሽ፤

ኦቦ ሐሰን «ለምን ዝም አለች? ተቀይማኝ ነው ወይ?» ብለሽ እንደጠየቅሽ ነገሩኝ። አልተቀየምኩሽም። የምነግርሽ ደግ ነገር አጥቼ ነው።

የአዲሱ ዓመት ዝርዝር ወጥቷል። ሞቲ የለበትም። የጻፍሽውን ሦስት ገጽ አንብበውታል፤ የተቀበለችን ሴትዮ ዓይኗ ቀልቶ አይቻለሁ። ግን «ፍትሕን በሐሰት ቃል ያሳሳተ ሰው ለይቅርታ አይመረጥም» የሚል አጭር መልስ ነው የደረሰን። ባንቺና በልጅሽ ላይ የተጻፈውንም የተከታተለው የለም። እንደገና ማመልከት የሚቻለው ከዓመት በኋላ ነው። ኦቦ ሐሰን እንደሚሉት ያኔ የእስራት ጊዜው ራሱ ወደ ማለቁ ይሆናል።

ወርቁ መጥቷል። የጻፍሽውን ግልባጭ አንብቤለት ነው የመጣው። ስለ ፊርማው አንነጋገርም። ማታ ማታ ከጎኔ ይቀመጣል፤ ይበቃኛል።

የጆኒን ውድድር እሑድ ዕለት አላየሁም። ግን ሰፈሩ ሁሉ ያይ ስለነበር መስማት አልቀረልኝም። ሁለተኛ መውጣቱን ያወቅሁት ከጎረቤት ቤት በተሰማው ልቅሶ ነው። የምር ያለቅሱ ነበር፤ ትልልቅ ሰዎች። እኔ በሬ ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። ልጄ ስትቀበር እነዚሁ ሰዎች መጥተው ነበር። ያኔ እንዲህ አላለቀሱም።

ያንቺን ልጅ ሳልጠላው መዋል የቻልኩበት ቀን ገና አልመጣም። አንቺንም ይቅር ብዬሽ እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ መልስ የለኝም። ምናልባት ሳላውቀው ብዬሽ ይሆናል፤ ምናልባት ፈጽሞ አልልሽም። የማላውቀውን አልጽፍልሽም።

ባለፈው ቅዳሜ ሞቲን ልጠይቀው ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየሁት። ፀጉሩ መሸበት ጀምሯል፤ በሃያ ስምንት ዓመቱ። የዝርዝሩን ነገር ስነግረው «ገምቼ ነበር» አለ። ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ከዚያ ቀስ ብሎ «አዮ እንዴት ናት? አትመጣም እኮ» አለኝ። ማፈርሽን ነገርኩት። «ማፈሩን ትተው፤ ምግብ ባታመጣም ትምጣ በያት» አለ።

ሽማግሌዎቹ አትገናኙ ያሉት እርቁ እስኪፈጸም ነው። እርቁ ወረቀት ላይ ተፈጽሟል፤ እኔና አንቺ ግን ገና ነን። እሱን እንግዲህ ሽማግሌ አይጨርስልንም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ እስር ቤቱ በር ጋ እሆናለሁ። ሰላም በዪኝ አልልሽም፤ እኔም ልልሽ እንደምችል አላውቅም። ግን ለአንድ እስረኛ ሁለት ሰው ያስገባሉ።

ተረፈች